የጀልባ ሞተር ባትሪ ሳጥን ላይ የሚግለው ማብሪያ ማጥፊያ በምን ይተካ?

የበርክ ሐይቅ አጥማጅ (አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

ሰላም ለሁላችሁ። የምጠይቀው በ12 ቮልት ስለሚሠራ ትንሽ የኤሌክትሪክ ጀልባ ሞተር ነው። የግፊት ኃይሉ 30 ፓውንድ ነው። በርክ ሐይቅ ላይ የቤንዚን ሞተር ማስነሳት የተከለከለ ስለሆነ እዚያ የምናጠምድ ሰዎች ወይ እንቀዝፋለን ወይ እንዲህ ዓይነቱን ሞተር እንይዛለን። እኔ ሞተሩን ከነባትሪ ሳጥኑ የገዛሁት ከሌላ አጥማጅ ነው። በሳጥኑ ጎን በአንድ ጫፉ ሲጫኑት የሚያበራ፣ በሌላው ጫፉ የሚያጠፋ ጥቁር ማብሪያ ማጥፊያ ተገጥሟል።

በዝግታ ስሄድ ምንም ችግር የለበትም። ፍጥነቱን ወደ መጨረሻው ሳደርሰው ግን ጥቂት ቆይቶ ይግላል፣ የተቃጠለ ፕላስቲክ ይሸታል፣ ሞተሩ ይደክማል፣ አንዳንዴም ጭራሽ ይቆማል። በጣቴ ነካ ነካ ሳደርገው እንደገና ይነሳል። ፈትቼ ሳየው ከኋላ ካሉት እግሮች አንደኛው ጠቁሯል፤ በዙሪያው ያለው ፕላስቲክም ለስልሶ እግሩን ወደ ጎን አዝምሞታል። በላዩ ላይ «16 አምፔር፣ 250 ቮልት» የሚል ጽሑፍ አለው። ያልገባኝ ይህ ነው፤ ባትሪዬ 12 ቮልት ብቻ ሆኖ ሳለ 250 ቮልት የሚችል ነገር እንዴት ይቃጠላል? ያንኑ ዓይነት አዲስ ልግዛ ወይስ ሌላ? ችግሩ ከባትሪው ይሆናል ያለኝ ሰውም አለ።

ጠጋኙ (ባሕር ዳር)

ወንድሜ፣ ያንኑ ዓይነት መልሰህ እንዳትገዛ። አዲሱም እንደ አሮጌው ይቀልጣል።

250 ቮልት የሚለው ጽሑፍ የሚነግርህ ስለ ፕላስቲኩ የመከላከል ችሎታ ነው። የውስጥ መገናኛዎቹን የሚያግለው አምፔሩ ነው። 30 ፓውንድ የሚገፋ ሞተር በሙሉ ፍጥነት ወደ 30 አምፔር ይወስዳል። ማብሪያህ ደግሞ የተሠራው ለ16 ነው። ሙቀት ከአምፔሩ ጋር እኩል አይጨምርም፤ በአምፔሩ ስኩዌር ነው የሚያድገው። ከ16 ወደ 30 ስትሄድ በመገናኛው ላይ የሚፈጠረው ሙቀት ሦስት እጥፍ ተኩል ያህል ይሆናል። በዝግታ ስትሄድ ደኅና የሚሆነውም ለዚህ ነው።

ሌላም ነገር አለ። ያ 16 አምፔር የተጻፈው ለቤት መብራት፣ ማለትም ለተለዋዋጭ ጅረት ነው። በቤታችን ያለው የ50 ኸርዝ ጅረት በየሴኮንዱ 100 ጊዜ ዜሮ ላይ ይደርሳል። ማብሪያው ሲለያይ የሚነሳው ብልጭታ በዚያች ቅጽበት ራሱ ይጠፋል። የባትሪ ጅረት ዜሮ የሚባል ቦታ የለውም። በዚያ ላይ ሞተር ሲቋረጥ በጥቅልሎቹ ውስጥ የነበረው ኃይል ቮልቴጁን ለቅጽበት ወደ ላይ ይወረውረዋል፣ ብልጭታውም ይረዝማል፣ መገናኛውን ይበላዋል። ስለዚህ በማንኛውም የባትሪ መሣሪያ ላይ ማብሪያ ስትቀይር «ዲሲ» (የባትሪ ዓይነቱ ቀጥተኛ ጅረት ማለት ነው) ከሚለው ጎን የተጻፈውን አምፔር ፈልግ። ዲሲ የሚል ቁጥር ከሌለው ለሞተር አትመነው።

ገንዘብ ከማውጣትህ በፊት ግን ለካ። መልቲሜትሩን፣ ማለትም የኤሌክትሪክ መለኪያውን፣ በኦም (በተቃውሞ መለኪያው) አድርገህ አትድከም። የመለኪያው ሽቦዎች ራሳቸው ከምትፈልገው ቁጥር የበለጠ ተቃውሞ ስላላቸው አሮጌውም አዲሱም «ጥሩ ነው» ይሉሃል። በዲሲ ቮልት አድርገው፣ ጀልባውን አጥብቀህ እሰር፣ ፕሮፔለሩ ውሃ ውስጥ እያለ ሞተሩን ሙሉ ፍጥነት ላይ አስነሳ። ከዚያ የመለኪያውን ሁለት ጫፎች በማብሪያው ሁለት እግሮች ላይ አድርግ። ጤነኛ ከሆነ ከዜሮ እምብዛም አይርቅም። ግማሽ ቮልት ወይም ከዚያ በላይ ካየህ ያ ቮልት ማብሪያው ውስጥ ወደ ሙቀት እየተለወጠ ነው። 0.6 ቮልት በ30 አምፔር ሲባዛ 18 ዋት ነው። 18 ዋት ትንሽ የብየዳ ብረት የሚያግል ኃይል ነው፤ ፕላስቲክ እንዴት ይችለዋል?

በተመሳሳይ መንገድ ከባትሪው ጫፍ እስከ ኬብሉ፣ ከኬብሉ እስከ ሞተሩ እያልክ እያንዳንዱን መጋጠሚያ ለካ። ባትሪውን ማማት ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

ቀጥታ ገመድ (ዳላስ፣ ቴክሳስ)

እኔ የምመክረው ማብሪያውን ጭራሽ አውጥቶ መጣል ነው። ሞተሩ ራሱ መያዣው ላይ የፍጥነት ማዞሪያና ዜሮ ቦታ አለው። ሌላ ማብሪያ ሌላ የሚበላሽ ነገር ነው። ባትሪውን በቀጥታ በመቆንጠጫ አገናኘው፣ ስትጨርስ ንቀለው። ለዓመታት የሠራሁት እንዲህ ነው።

ጠጋኙ (ባሕር ዳር)

የሚበላሽ ነገር መቀነስ ጥሩ ሐሳብ ነው፤ በመቆንጠጫው ግን አልስማማም። የእርሳስ ባትሪ ኃይል ሲሞላ ሃይድሮጅን ያወጣል። ክዳኑ በተዘጋ ሳጥን ውስጥ ያ ጋዝ ተጠራቅሞ ሳለ ሰው ክዳኑን ከፍቶ መቆንጠጫውን ከባትሪው ጫፍ ላይ ሲነቅል ብልጭታው የሚነሳው ልክ ጋዙ ካለበት ቦታ ላይ ነው። የፈነዳ ባትሪ ይዘው የመጡ ሰዎች አይቻለሁ፤ አሲዱ ፊት ላይ ይረጫል። አደራ! መቆንጠጫ ደግሞ ይላላል፣ ማዕበል ሲያወዛውዘው ይንሸራተታል፣ እሱም በራሱ ይግላል።

ማብሪያ የማትፈልግ ከሆነ 50 አምፔር የሚችል፣ ሁለቱ ግማሾች ተሳክተው የሚቆለፉ ትልቅ ስፒና ከሳጥኑ ውጭ አድርግ። ያ ሥርዓት ያለው ነው። ነገር ግን ሰው ውሃ ላይ ሲወድቅ ወይም መረብ ፕሮፔለሩ ላይ ሲጠመጠም በአንድ እጅ ቶሎ የሚጠፋ ነገር ማግኘት ዋጋ አለው። እኔ ማብሪያ ይኑር ባይ ነኝ፤ ቦታው ግን ከባትሪው ራቅ ብሎ፣ ሳጥኑም መተንፈሻ ያለው ይሁን።

የመኪና መብራት ሠሪ (አዲስ አበባ፣ መርካቶ)

በእኛ ሥራ እንዲህ ያለውን ነገር በሪሌ፣ ማለትም በኤሌክትሪክ በሚነሳ ማብሪያ፣ ነው የምንፈታው። ትንሿ ማብሪያ የሪሌውን ጥቅልል ብቻ ታነሳለች፤ ከባዱን ጅረት ሪሌው ይሸከማል። የመኪና ሪሌ ላይ 85 እና 86 የጥቅልሉ ናቸው፣ 30 ከባትሪ ይመጣል፣ 87 ወደ ሞተር ይሄዳል። ባለ 40 አምፔሩ በየትኛውም የመለዋወጫ ሱቅ ይገኛል፣ ዋጋውም ቀላል ነው። ከጥቅልሉ ጋር አንድ ዳዮድ (ጅረትን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ትንሽ ዕቃ) በግልባጭ አድርግበት፤ ትንሿን ማብሪያ ከብልጭታ ያድናታል። እኔ ብሆን በዚህ እጨርሰው ነበር።

ጠጋኙ (ባሕር ዳር)

መልካም ሐሳብ ነው፣ ለትልቅ ጀልባም ትክክለኛው መንገድ ነው። ለዚህ ሰው ግን ሁለት ነገር ያሳስበኛል። የመኪና ሪሌ 40 አምፔር ይባላል እንጂ በተዘጋ ሳጥን ውስጥ ሰዓታት ሙሉ 30 አምፔር እየተሸከመ ሲቆይ እሱም እግሮቹ ላይ ይግላል፤ የሪሌ ሶኬቶች ሲቀልጡ አንተም ሳታይ አልቀረህም። ጥቅልሉም ሞተሩ ይሂድ አይሂድ ማብሪያው እስካለ ድረስ ወደ 2 ዋት ይበላል። ለአንድ ሰው ጀልባ በእጅ የሚዞር የባትሪ ማቋረጫ ይበልጣል። በጀልባ ዕቃ መሸጫዎች የሚገኘው ክብ፣ ቀይ እጀታ ያለው፣ ያለማቋረጥ 100 አምፔርና ከዚያ በላይ በዲሲ የሚሸከመው ማለቴ ነው። በውስጡ ሁለት ወፍራም የመዳብ ነጥቦች ብቻ ናቸው ያሉት።

የበረዶ ላይ መንጠቆ (ሚኒያፖሊስ፣ ሚኒሶታ)

ውይይቱ ጠቅሞኛል፤ አንድ ነገር ግን ልጨምር። ትልቅ ማብሪያ ሁልጊዜ አይሻልም። እኔ በክረምት በረዶ ቀድጄ ነው የማጠምደው። የምጠቀመው አሳ የሚያሳይ ሶናር በ12 ቮልት፣ ባለ 7 አምፔር ሰዓት ባትሪ የሚሠራ ሲሆን የሚወስደው ጅረት በጣም ትንሽ ነው። ማብሪያው ሲበላሽ «ጠንካራ ይሁን» ብዬ 20 አምፔር የሚችል ገጠምኩበት። አዲስ ሆኖ ሳለ መሣሪያው ራሱን ያጠፋል፣ ይነሳል፣ ያጠፋል።

ጠጋኙ (ባሕር ዳር)

ምክንያቱ ይህ ነው። የትልልቅ ማብሪያዎች መገናኛ ብር ወይም የብር ቅይጥ ነው። ብር ላይ ቀጭን ጥቁር ሽፋን ይወጣል፤ ከባድ ጅረት ሲሆን በየመገናኘቱ የምትነሳው ትንሽ ብልጭታ ሽፋኑን ታቃጥለዋለች። በአንተ ሶናር ያ ብልጭታ የለም፣ ሽፋኑም ይከማቻል። ለእንዲህ ያለ ሥራ ከ1 እስከ 3 አምፔር የሚል፣ ውሃ የማያስገባ ትንሽ ማብሪያ ይበቃል። በሚሊአምፔር ለሚቆጠር ምልክት ብቻ ከሆነ ደግሞ መገናኛው ወርቅ የተቀባ ይመረጣል።

በአንተ አገር ሌላም ጠላት አለ። ከሞቀ ድንኳን ወደ ብርዱ ስትወጣ በማብሪያው ውስጥ የታፈነው እርጥበት ወደ ጠብታ ይለወጣል፣ ከዚያ ይረጋል። በላዩ የጎማ ቆብ ያለውን ምረጥ፤ ከመግጠምህ በፊት ደረቅና ሞቅ ያለ ቦታ ይደር።

የበረዶ ላይ መንጠቆ (ሚኒያፖሊስ፣ ሚኒሶታ)

የጎማ ቆቡ እውነት ነው፤ የሲሊኮኑን ምረጡ፣ ብርድ ሲበረታ አይደርቅም። ባትሪያቸውን ወደ ሊቲየም ብረት ፎስፌት ለቀየሩ ወገኖች ደግሞ ማስጠንቀቂያ አለኝ፤ ከዜሮ ዲግሪ በታች ሆኖ ሳለ ኃይል አትሙሉበት፣ ውስጡ ይጎዳል። መጠቀም ይቻላል፣ መሙላት አይቻልም። ወደ ቤት አስገብታችሁ እስኪሞቅ ጠብቁ።

የአሽዶድ ወደብ (አሽዶድ፣ እስራኤል)

ሰላም ወገኖች። ሐይቅ ላይ ያላችሁ ዕድለኞች ናችሁ፤ የእኛ ችግር ጨው ነው። ሞገድ መከላከያው ድንጋይ ላይ ሆነን ስናጠምድ ነጠብጣቡ ሁሉም ቦታ ይገባል። ለማጥመጃ የምይዛቸውን ትናንሽ ሕያው አሳዎች አየር የምትሰጥ፣ በሁለት ትላልቅ የባትሪ ድንጋይ የምትሠራ ፓምፕ አለችኝ። ማብሪያዋ ወደ ጎን የሚገፋው ዓይነት ነው፣ በየጊዜው አረንጓዴ ያወጣል። በውኃ መከላከያ ሲሊኮን ዙሪያውን ደፈንኩት፣ እሱ ግን ይባስ አደረገው። ምን ላድርግ?

ጠጋኙ (ባሕር ዳር)

ሲሊኮኑ ሲደርቅ ኮምጣጤ ይሸት ነበር? እንግዲያው ጥፋቱ እሱ ነው። ያ ዓይነቱ እየደረቀ አሲድ ይለቃል፣ አሲዱም መዳቡን ይበላል። ኤሌክትሪክ አጠገብ የሚገባው ሽታ የሌለው፣ ገለልተኛ የሚባለው ብቻ ነው።

በ3 ቮልት የሚሠራ ዕቃ ላይ ግማሽ ቮልት ማጣት ከጠቅላላ ኃይሉ ስድስተኛውን ማጣት ነው፤ ፓምፗ የምትደክመው ለዚህ ነው። ማብሪያውን አውጥተህ ጣለው። ሽቦውን ቁረጥና ወደ ውስጥ እየጠቆረ ከሄደበት አልፈህ ቀይ መዳብ እስክታገኝ ላጠው፤ በጠቆረ ሽቦ ላይ ብየዳ አይይዝም። ሰሌዳውን መጀመሪያ በጨው አልባ ውሃ፣ ቀጥሎ በአልኮል እጠበው። ጨው ደርቆ ከተቀመጠ ከአየሩ ላይ እርጥበት እየሳበ ሥራውን ይቀጥላል። አዲሱን ማብሪያ ስትበይድ ቶሎ በል፤ ብረቱን እግሩ ላይ ካቆየህ የውስጡ ፕላስቲክ ይቀልጥና ገና ሳይሠራ ይሞታል። ሞተሯ ከአንድ አምፔር በታች ስለሆነ ትንሽ፣ የጎማ ቆብ ያለው ማብሪያ ይበቃታል።

የጫሞ ልጅ (አርባ ምንጭ)

ጤና ይስጥልኝ፣ ጋሼ። የእኔ ጥያቄ ስለ ግንባር መብራት ነው። ጫሞ ላይ መረብ ማታ ጥለን የምናነሳው ገና ጎሕ ሳይቀድ ነው። ጉማሬ ከግጦሽ ወደ ውሃ የሚመለስበት ሰዓት ስለሆነ ያለ መብራት መንቀሳቀስ አይቻልም፣ አዞውም አለ። በቻርጅ የምትሠራው መብራታችን የምትጫነው ቁልፏ ጎማው ተቀዶ ውሃ ገባበት። አሁን አሥር ጊዜ ተጭነን አንዴ ትበራለች። ከሬዲዮ የወጣ የሚገፋ ማብሪያ አለኝ። እሱን ልቀጥልበት?

ጠጋኙ (ባሕር ዳር)

ልጄ፣ የሚገፋውን አትቀጥል። የመብራትህ ቁልፍ እንደ ተራ ማብሪያ ጅረቱን አያሳልፍም። አንዴ ተጭነህ ስትለቀው ለውስጧ ቺፕ ምልክት ብቻ ይሰጣል፤ ብሩህ፣ ደብዛዛ፣ ብልጭ ድርግም እያለ የሚቀያይረው ቺፑ ነው። ተዘግቶ የሚቀር ማብሪያ ካደረግክበት ቺፑ ጣትህን ያላነሳህ ይመስለዋል።

መጀመሪያ ቁልፉ መሆኑን እርግጠኛ ሁን። ክዳኑን ክፈት፣ በቁልፉ ሁለት ተቃራኒ ማዕዘን ያሉትን እግሮች በቀጭን ሽቦ ለቅጽበት ብቻ አገናኛቸው። ከበራች የሞተው ቁልፉ ነው። ካልበራች ሰሌዳው ወይም ባትሪው ነው፣ ቁልፍ መቀየር አይጠቅምህም። ሽቦው የባትሪውን ሁለት ጫፎች እንዳይነካ ተጠንቀቅ፤ የሊቲየም ባትሪ ጫፎቹ በቀጥታ ከተገናኙ ሊቀጣጠል ይችላል።

መለዋወጫውን ከገበያ አትፈልግ። የተበላሸ የሳተላይት ሪሲቨር ፊት ለፊቱ ላይ ያሉት ትናንሽ ካሬ ቁልፎች ብዙ ጊዜ እነዚያው ናቸው፤ ጎንና ጎናቸው 6 ሚሊሜትር፣ አራት እግር ያላቸው። አራቱ እግሮች ሁለት ሁለት ሆነው በውስጥ የተገናኙ ስለሆኑ በተሳሳተ ጎን ካዞርከው መብራቷ ሁልጊዜ እንደተጫነች ትቆጥረዋለች። ማዕዘን ለማዕዘን ያልኩህም ለዚህ ነው። የመጫኛው ቁመት ከአሮጌው ጋር እኩል ይሁን፤ ከረዘመ ክዳኑ ራሱ ይጫነዋል፣ ካጠረ ጣትህ አይደርስበትም። ሥራው ከመጀመሩ በፊት ባትሪውን አውጣ።

እስኪጠገን ግን አንድ መብራት ብቻ ይዛችሁ ውሃ ላይ አትውጡ።

የበርክ ሐይቅ አጥማጅ (አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

ለካሁት። ሙሉ ፍጥነት ላይ ባትሪው ጫፍ 12.1 ቮልት፣ ሞተሩ ጋ ሲደርስ 10.5። ከጠፋው 1.6 ውስጥ 1.1 ቮልት ማብሪያው ላይ ብቻ ነው። ቀሪው አብዛኛው በኬብሉ ላይ ነው፤ የቀድሞው ባለቤት 2.5 ሚሊሜትር ስኩዌር የሆነ ቀጭን ሽቦ ነው የዘረጋው። ባትሪው ምንም አልሆነም።

ጠጋኙ (ባሕር ዳር)

1.1 በ30 ስታባዛው 33 ዋት ነው። ለዚህ ነው እግሩ የዘመመው። ኬብሉንም በ10 ሚሊሜትር ስኩዌር ተካው፤ እዚያ አገር «ቁጥር 6» የሚባለው ከዚያም ይወፍራል፣ ይሆናል። ርዝመቱን አሳጥር። ጫፎቹን በብየዳ ብቻ አትመን፤ በቀለበት ጫፍ አስገብተህ በመሣሪያ ጨፍልቀው፣ ከዚያ ሲሞቅ የሚኮማተረውን፣ ውስጡ ሙጫ ያለውን ሽፋን አልብሰው። በቀዩ ገመድ ላይ፣ ባትሪው ጥግ ሊደርስ በሚችል ቅርበት፣ 50 አምፔር ፊውዝ ይግባ። ፊውዙ ሞተሩን ሳይሆን ኬብሉን ነው የሚጠብቀው፤ ከባትሪው በራቀ ቁጥር ሳይጠበቅ የሚቀረው ገመድ ይረዝማል። ስትፈታ ጥቁሩን መጀመሪያ፣ ስታስር ጥቁሩን መጨረሻ።

ማብሪያው ለረጅም ጊዜ እንዲቆይልህ ደግሞ የፍጥነቱን ማዞሪያ ዜሮ ላይ አድርገህ አብራ፣ ወደ ዜሮ መልሰህ አጥፋ። ቆሞ የሚነሳ ሞተር በመጀመሪያዋ ቅጽበት ከወትሮው ብዙ እጥፍ አምፔር ይስባል። ያ እንዲያልፍ የተሠራው የፍጥነት ማዞሪያው ነው። ለአደጋ ጊዜ ግን ሳታስብ በቀጥታ አጥፋው፤ ዕቃው ለዚያ ነው የተገዛው።

የበርክ ሐይቅ አጥማጅ (አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቀይ እጀታ ያለውን ማቋረጫ ከሳጥኑ ውጭ፣ የጀልባው ጎን ላይ አሰርኩት። ኬብሉም ፊውዙም እንዳሉት ሆነ። አሁን ሙሉ ፍጥነት ላይ በማቋረጫው ላይ የሚነበበው 0.03 ቮልት ነው፣ በእጄ ስነካው ቀዝቃዛ ነው። ጀልባውም ከበፊቱ በግልጽ ፈጥኗል። የሞተሩ አቅም ያ ነው ብዬ ተቀብዬው ነበር።

ቀጥታ ገመድ (ዳላስ፣ ቴክሳስ)

የሃይድሮጅኑን ነገር ካነበብኩ በኋላ መቆንጠጫዬን ቀይሬ የሚቆለፈውን ስፒና ከሳጥኑ ውጭ አድርጌያለሁ። አመሰግናለሁ።

የጫሞ ልጅ (አርባ ምንጭ)

እኔም ተሳክቶልኛል። ከሪሲቨር የወጣው ቁልፍ ልክ ሆነ፣ መብራቷ በመጀመሪያው ጫን ትበራለች። የቀረኝ የተቀደደው ጎማ ነው። ማስቲሽ ቁልፉ ላይ ላፍስበት?

ጠጋኙ (ባሕር ዳር)

ቁልፉ ላይ አታፍስ፤ በጎኑ ወደ ውስጥ ሰርጎ መጫኛውን ያጣብቀዋል። ከአሮጌ የብስክሌት ካላማዳሪያ ከቀዳዳው ሰፋ ያለ ክብ ቁራጭ ቁረጥ። ጎማውንም የክዳኑንም ዙሪያ በብርጭቆ ወረቀት ፈትግ። ማስቲሹን ዳር ዳሩን ብቻ ቀባና ከውስጥ በኩል ለጥፈው፣ መሃሉ ነፃ ይሁን። ጎማውን አትወጥረው፤ ከተወጠረ ሳትነካው ቁልፉን ይጫናል፣ መብራቷም ኪስህ ውስጥ ባትሪዋን ጨርሳ ታድራለች። የማስቲሹ ሽታ ሙሉ በሙሉ እስኪጠፋ ክዳኑን ክፍት ተወው፣ ባትሪውንም ከዚያ በኋላ መልስ።